ገበር ያስገባሁበት የነፋስ እጅጌ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በሰባ ዓመቴ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በሁለት ቃል ተዋረድሁ።

"ገበሩንስ ንገራቸው።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ከሥሩ ላስረዳችሁ።

ፔጄን የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አውሮፕላን የሰፋ ልብስ ሰፊ እኔ ብቻ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አውርቼዋለሁ። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ የባንክ ሰልፍ ላይ። ባለፈው ፖስት ሳደርገው እንኳ ስንቱ ላይክ አደረገው!

ውሸት የለበትም። ግማሹን ብቻ ነበር የማወራው።

ዛሬ የሚካኤል ማኅበር ላይ ያንኑ ወሬዬን ጀመርሁ። ልጆቹ ስልክ ደግነው ይቀርጹኛል። ክንፉን እንዴት እንደሰፋሁ በእጄ እያሳየሁ ሳለ፣ ከጥግ ጋሽ ቢያድግልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያኔ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ የነበሩ ናቸው፤ አሁን ዘጠናን ተጠግተዋል።

"ገበሩንስ ንገራቸው" አሉ፣ ጠላቸውን ሳያስቀምጡ።

ቪዲዮው አሁንም እየተቀረጸ ነው!

እሺ። ገበሩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያን ክረምት ተምች ከቡሬ ጀምሮ በቆሎውን ይጨርሰው ጀመር። መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ከከተማችን ዳር ሳር ሜዳ ላይ ሊያርፍ ሆነ። ለአብራሪው ነፋሱን የሚያሳይ፣ እንጨት ላይ የሚሰቀል ረጅም ጨርቅ አስፈለገ። ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው፣ ልክ እንደ እጅጌ። ነፋስ ሲገባበት ይነፋና ይቃናል፤ ነፋስ ከሌለ ይንጠለጠላል።

ቀበሌው እኔን አዘዘ። ገና ወጣት ነኝ፣ ካገባሁ ገና አንድ ወር ነው፣ በእጄ ሥራ የሚያህለኝ የለም።

ስስ ጨርቅ ሰጡኝ። ናቅሁት። እኔ? በዚህ? ለአውሮፕላን?

በሸራ ሰፋሁት። በድርብ ስፌት። ጠርዙን ዘመዘምሁት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እንደ ኮት ገበር አስገባሁበት።

ለነፋስ! ገበር!

የቀበሌው ሊቀመንበር አገላብጦ አየውና አስጨበጨበልኝ። ጋሽ ቢያድግልኝ ብቻ ሊሰቅሉት ሲያነሡት "አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር አልከበደም?" አሉኝ።

"ጥራት ነው ጋሼ" አልኋቸው።

አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት ነፋሱ ባህር ዛፉን ያጎነብሰዋል፤ ቆም ይልና እንደገና ይገፋል። የኔ እጅጌ ግን ንቅንቅ አላለም። አብራሪው ከላይ ሲያየው ነፋስ የሌለ መስሎት ወረደ። ጎማው ሳሩን ሊነካ ሲል ነፋሱ ከጎን መታው። ተንጋደደ፣ ከሜዳው ወጣ፣ ግራ ክንፉ የእሾህ አጥሩን ቧጥጦ ቆመ።

አብራሪው በደህና ወረደ፣ ተመስገን። ክንፉ ግን ከክንድ በላይ ተቀዷል።

ሊቀመንበሩ "አሻጥር ነው!" አለ። ራሱ ያስጨበጨበለትን እጅጌ እንዴት ይክሰስ? "ዘበኛው የእጅጌውን አፍ አስሮታል" ተባለና ጋሽ ቢያድግልኝን ወሰዷቸው። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው መመለሻው አይታወቅም። ሲወስዷቸው በአጠገቤ አለፉ። አዩኝ። ስሜን አልጠሩም።

እኔም ከሰው ጀርባ ቆሜ ጫማዬን አየሁ። አርባ ዓመት የዘለልሁት ይህን ነው።

በማግስቱ አብራሪው ልብስ ሰፊ ፈለገ። ለካ የዚያ አውሮፕላን ክንፍ የለበሰው ጨርቅ ኖሯል! መርፌዬን ይዤ ሄድሁ። እሱ ይወጥራል፣ እኔ እሰፋለሁ። ትንሽ እንደሰፋሁ አላስችል አለኝ።

"ገበር አስገብቼበት ነው" አልሁት በሹክሹክታ።

"ምኑ ላይ?"

ነገርሁት። ክንፉ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ከዚያ ሄዶ ለሊቀመንበሩ "ነፋሱ ድንገተኛ ነው፣ ያጠፋ ሰው የለም" አለው። ጋሽ ቢያድግልኝ በዚያው ቀን ተፈቱ። ለአንድ ሰው ሹክ አልሁና እንደተናዘዝሁ ቆጠርሁት።

አውሮፕላኑም ተነሣ። ስፌቴ ቡሬ ድረስ በርሮ፣ መድኃኒቱ ተምቹ ላይ ተረጭቶ፣ በደህና ተመለሰ። አንዲት ክር አልላላችም። ይህን ዛሬም ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም!

ዛሬ ሁሉንም ማኅበርተኛው ፊት ዘረገፍሁት። ጋሽ ቢያድግልኝ እግር ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"ያኔ ለምን ስሜን አልጠሩም?" አልኋቸው።

"አዲስ ሙሽራ ነበርሃ" አሉ።

አለቀስሁ። እሱም ተቀርጿል።

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ጭኔ ላይ ጣሉት። "ገበሩ ተተርትሯል፤ ስፋልኝ።"

ይኸው ኮቱን ይዤ ተቀምጫለሁ። እስቲ ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ፤ ገበሩን ስስ ላድርገው ወይስ ወፍራም? እሳቸው እንደሁ አይበሩ።