አንቀጽ ሦስት በጥሩወርቅ ጠላ ቤት

ታሪክ ብዙ ታላላቅ ኮሚቴዎችን አይቷል። እንደኛው ያለ፣ የአንዲትን ሴት ጠላ ጥራት ለማስጠበቅ ስድስት ቀን ሙሉ ሳይታክት የጠጣ ኮሚቴ ግን አይቷል ብዬ አላምንም። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ሁሉ በቃለ ጉባዔ የተደገፈ ነው።

ጊዜው የምርት ዘመቻ የታወጀበት ነበር። በደብረ ታቦር በእኛ ቀበሌ ግን ምርት ሊባል የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠላ። ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በሰባት ጋን ነው። ከደጇ በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ሰቅላለች፤ ጣሳውን ያየ ይገባል፣ ይጠጣል፣ አመስግኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች መመሪያ መካሄዱ ሊቀ መንበራችንን ጓድ ሙላቴን እንቅልፍ ነሳቸው። ስለዚህ ጣሳው ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ቤቱ «የጠላ ቅምሻ ማዕከል» ተባለ፤ አምስት አባላት ያሉት የቅምሻ ኮሚቴም ተቋቋመ። ጠላው ከደረጃ በታች ሆኖ ከተገኘ ጋኖቹ ተወርሰው ለማኅበር ይሰጣሉ። ውሳኔውን የሚያጸድቁት እሑድ ለዘመቻው በዓል ከጎንደር የሚመጡት ከፍተኛ እንግዳ ናቸው፤ እሳቸውም ቀምሰው።

ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በተለይ በአንቀጽ ሦስት እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ጥሩወርቅ እንደ አገሩ ልማድ ለሰው ስትቀዳ አስቀድማ ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ክፉ ነገር የለበትም ማለቷ ነው። ጓድ ሙላቴ ይህ የአድኃሪ ሥርዓት ርዝራዥ ነው አሉ። አንቀጽ ሦስትም «ጠማቂዋ የጠመቀችውን መቅመስ ፈጽሞ አትችልም፤ የመቅመስ ሥልጣን የኮሚቴው ብቻ ነው» ብሎ ወጣ፤ በትልልቅ ፊደል ተጽፎም ጠላ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ሥራችንን ሰኞ ጀመርን። አንድ ዋንጫ አስተያየት ለመስጠት እንጂ ለመወሰን እንደማይበቃ በሙሉ ድምፅ ስለታመነበት ሁለተኛ ተቀዳ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ነበር። ከመካከላችን የጨርቅ ነጋዴው ጓድ ሙሳ ሙስሊም ስለሆነ ጠላ አይቀምስም፤ የተመረጠውም ገለልተኛ ዳኛ ይሆናል ተብሎ ነው። ማክሰኞ ዕለት «ትናንት መልካም ነው ብላችሁ የለም እንዴ? ዛሬ ምን ቀርቶን መጣን?» ብሎ ስለ ጠየቀ፣ በተሳትፎ ጉድለት ከኮሚቴው ተሰናበተ።

ዓርብ ማታ ስድስቱ ጋኖች ባዷቸውን ቀሩ። ሰባተኛው ለእንግዳው ተብሎ ታሽጎ ነበር፤ ቅዳሜ ግን ለእንግዳው ደኅንነት ሲባል እሱም መመርመር እንዳለበት ጓድ ሙላቴ አሳሰቡ። ምርመራው እስከ አተላው ድረስ ዘለቀ።

እንግዳው በማግሥቱ ሊመጡ ነው። ጓድ ሙላቴ ጥሩወርቅን ወደ ጎረቤት አስወጥተው፣ በአብዮታዊ ቆራጥነት እጅጌያቸውን ሰበሰቡና አተላው ላይ ውሃ ሞሉበት። ምሬት ሲያንሰው ጓዳ ገብተው በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ከመደርደሪያ አወረዱ። «ጌሾ ነው» አሉ። እኔም ጌሾ ብዬ መዘገብሁ። ኮሶ ነበር፤ ጥሩወርቅ ሆዷን ልታጸዳበት ከጉና ሰዎች የገዛችው ኮሶ። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እሷ ግን እሑድ ጧት ባዶውን ጨርቅ እንዳየች ገባት።

ፊቷ ዐመድ መሰለ። እንግዳው ጠጥተው ቢታመሙ አብዮተኛ መረዘች ተብላ የምትያዘው እሷ ናት፤ ያኔ ጋኖቿ ቀርተው ራሷም አትተርፍም። ወደ ጓድ ሙላቴ ሮጠች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጋኑ ተነክቷል። እባክዎ ልቅመሰውና እርግጡን ልንገርዎ።»

«አንቀጽ ሦስት» አሉ።

«እንግዲያው ሳልቀምስ ልናገር። ከጓዳዬ...»

«ጓዲት ጥሩወርቅ፣ አስተያየት የሚቀርበው በጽሑፍ ነው፤ ያውም ከበዓሉ በኋላ።»

እዚህ ላይ የሊቀ መንበራችንን ደንብ አክባሪነት ሳላደንቅ አላልፍም።

እንግዳው ረፋድ ላይ ደረሱ። ጓድ ሙላቴ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቡ። እንግዳው ግን፣ በዚያ ዘመን በሹመት ላይ የሰነበተ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው፣ ጠንቃቃ ነበሩና ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ።

«በይ፣ አስቀድመሽ ቅመሺልኝ።»

ጥሩወርቅ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ የተለጠፈውን ደንብ በአገጯ አሳየቻቸው።

«አልችልም ጓድ። በአንቀጽ ሦስት ተከልክያለሁ፤ የመቅመስ ሥልጣን የኮሚቴው ነው።»

እንግዳው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ግሩም ደንብ መሆኑን ተናግረው፣ ኮሚቴው በሥልጣኑ እንዲጠቀም አዘዙ። ጓድ ሙላቴ አንድ ሙሉ ዋንጫ ጨለጡ፤ ፊታቸው ቢጨማደድም «ደረጃውን የጠበቀ ነው» አሉ። ሁለቱ አባላት ተከተሉ። እኔ የምጽፈው ስለነበረኝ በመጨረሻ ግማሽ ዋንጫ ጠጣሁ።

ከዚያ ጓድ ሙላቴ የአንድ ሰዓት ንግግራቸውን ጀመሩ። እንግዳው ዋንጫቸውን ሳይነኩ ያዳምጣሉ። «ትግላችን ወደ ፊት እንጂ...» ሲሉ ላብ አጠመቃቸው። ወረቀቱን አጠፉ፤ ቀበቷቸውን ያዙ፤ በጓሮ በር ወጡ። ሁለቱ አባላትም የሊቀ መንበራቸውን አርአያ ተከተሉ።

እንግዳው ጋኑን ማን እንደበጠበጠው ጠየቁኝ። ቃለ ጉባዔውን ሰጠኋቸው፤ «ለጥራት ሲባል ጋን ቁጥር ሰባት በሊቀ መንበሩ እጅ ተሻሽሏል» ይላል፤ ፊርማም አለበት። አንብበው ወደ ጓሮው በር አዩና፣ የሴትዮዋን ጋኖች ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካ አዘዙ። ጉሮሯቸው ደርቆ ነበርና ሌላ የሚጠጣ እንዳለም ጠየቁ። ጥሩወርቅ ኮሚቴው ያልደረሰበትን አንድ ትንሽ ማድጋ ከአልጋዋ ሥር አወጣች። ቀዳች፤ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ዋንጫውን ዘረጋችላቸው።

«አንቀጽ ሦስትስ?» አሉ እንግዳው።

«ያወጡት ጓዶች ሜዳ ናቸው፤ ሲመለሱ ይጠይቋቸው።»

እንግዳው ጠጡ፤ ድገሚኝም አሉ። እኔም ጠላው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን ለመመዝገብ ብዕሬን አነሣሁ። ይሁን እንጂ ሆዴ ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ስለ ተጠራ፣ ቃለ ጉባዔውን ሳልዘጋ በጓሮ በር ሮጥሁ። ከጓድ ሙሳ በቀር ኮሚቴው በሙሉ እዚያ ነበር።