ሰላም ሳይሉ መራመድ

ሰው ሲያረጅ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይቀረዋል፤ «ተቀመጥ!» ብትቆም «ተቀመጥ»፣ ልትነሳ ስትል «ኧረ ተቀመጥ»። ብታስል ደግሞ ይብሳል። እኔ ፒያሳ ላይ ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ መቀመጡን ጠግቤዋለሁ። አሁን የምፈልገው መሄድ ነው። ሳንባዬ ግን አልተስማማም። ሲጋራ ነው ያበላሸው፤ ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ምክራችሁን አቆዩልኝ።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። የሳንባዬ የላይኛው ክፍል ላልቷል፣ የገባበትን አየር አላስወጣ ብሎ ተነፍቶ ደህናውን ክፍል ተጭኖታል አለችኝ። «ሥራ አይሠራም፣ ቦታም አይለቅም ማለት ነው፣ አባባ።» እንዲህ ያለውንማ በየመሥሪያ ቤቱ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሕክምና ግን አለው፤ ደረት መቅደድ አያስፈልግም። በአፍ ቀጭን ቱቦ አስገብተው አየሩ የሚያልፍበት ላይ ትናንሽ ቫልቮች ያስቀምጣሉ፤ ቫልቩ አየር ያስወጣል እንጂ አያስገባም፤ የተነፋው ይሟሽሽና ደህናው ቦታ ያገኛል። ሳንባው እንደ አዲስ አይሆንም፤ መተንፈስ ግን ይቀላል። ለመሥሪያ ቤቶቹም ቢሠሩላቸው ስል ተመኘሁ።

ጎረቤቴ ከድር ሲሰማ፣ «በዚህ ዕድሜህ ሳንባህን ልታስነካ? ምን ጎደለህና ነው?» አለኝ።

«ትንፋሽ» አልኩት።

ሆስፒታል ሄድኩ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር ሆነው ለሕክምናው የሚሆኑ ጥቂት ሰዎችን እየመረጡ ነበር። ሌላውን ምርመራ ሁሉ አልፌ የቀረኝ የእርምጃ ፈተና ነው፤ ረጅም ኮሪደር ላይ በተወሰነ ደቂቃ የቻልኩትን ያህል ወዲያ ወዲህ መመላለስ። ርቀቱ ያነሰበት ሰው፣ ሰውነቱ ሕክምናውን አይችለውም ተብሎ ይቀራል። ቀላል ነው አይደል? ችግሩ፣ ኮሪደሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እንደኔው የሚያለከልኩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተቀምጠዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ቆምኩ። «እንደምን አደራችሁ? ጤና እንዴት ነው?» አልኩ። እነሱም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ብድግ ብድግ እያሉ ስለ ልጆቼም ስለ ሰፈሬም ጠየቁኝ። ስመለስም ደገምናት። ደቂቃው አለቀ።

«አባባ፣ ይሄ አይበቃም። ለምን ቆሙ?» አለች ሐኪሟ።

«ታዲያ ሰውን እንደ ግንድ ልለፈው?»

ተቆጣሁ፣ እውነቴን ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ያገኘሁትን ሰላም ካላልኩ መቼ ላገኘው ነው? እሷ ግን አልተበገረችም። «ያርፉና አንድ ጊዜ ይደግሙታል። ካልሆነ ተራዎ ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለች። እዚህ ላይ ፈራሁ። በዚህ ትንፋሽ ከቀረሁ ዓለሜ ከአልጋዬ እስከ በሬ መሆኑ ነው።

ድጋሚውን ጀመርኩ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት «ተሻለዎት ወይ?» ሲሉኝ ጆሮዬ ሰማ፣ አፌ ዝም አለ። ወይ ውርደት! እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እግሬ ተሳሰረ፣ ልቆም ምንም አልቀረኝም። ጫፍ ደርሼ ስዞር ግን አግዳሚው ላይ ያሉት በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ማንም አላዘዛቸውም። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ያደረገው ሽማግሌ ሳይቀር ጀርባውን ሰጥቶኛል። እንዳላፍር ብለው ነው። እንባዬ መጣ፤ እግሬም መጣ፤ ሄድኩት።

«በቂ ነው አባባ፣ አለፉ!» አለች ሐኪሟ። ቫልቮቹ ከገቡልኝ ሰነባብቷል። ሳሉ ጨርሶ አልተወኝም፤ ግን ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሊያዝንልኝ ያሰበ ካለ ትንሽ ይታገሥ።

የዚያን ቀን ከእኔ ቀጥሎ የተጠራው ባለ ኦክስጅኑ ሽማግሌ ነበር። ቱቦውን እያስተካከለ ሲነሳ እሱ በለቀቀው ቦታ ተቀመጥኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ሐኪሟ ደንግጣ።

«ዝም በይ ልጄ» አልኳት፤ «ሰው ሰላም እያልኩ ነው።»