አራት ገጽ ለወይዘሮ ትርንጎ

ስሟን ብንገልጽ አምስት ሌሎች አገሮች «እኛን ነው» ብለው በሚቀየሙባት በአንዲት አገር፣ አንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ አሥራ ሁለት አጫጭር ልቦለዶች የያዘ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በመጀመሪያው እትም ፕሬዚዳንቱ ግማሽ ገጽ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ጻፉ። በሁለተኛው ምክትላቸው ጻፉ፤ በሦስተኛው የምክትሉ ምክትል። ከሥልጣን የወረደን ሰው መልእክት ከመጽሔቱ መሰረዝ በዚያ አገር ነውር ስለሆነ፣ የሄዱት ከነፎቶግራፋቸው እንዳሉ ሆነው የመጡት ተጨመሩ፤ ልቦለዶቹም ለታላላቆች ወንበር እንደሚለቅ ጨዋ ልጅ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ።

በሃያኛው እትም ለልቦለድ የተረፉት አራት ገጾች ብቻ ነበሩ። አዘጋጁ መምህር ጓንጉል፣ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰና ገና ያልተገራ ሰው፣ እነዚህን ገጾች ለወይዘሮ ትርንጎ ምሎ ሰጥቷቸዋል። ወይዘሮ ትርንጎ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናቸው። ሟች ባሏ ተውሶ ያስቀረውን መጽሐፍ ልትመልስ ስለመጣች ሴት በዕድሜያቸው አንድ ልቦለድ ጽፈዋል፤ እርሱም ሰባት እትም ተራ ጠብቋል። በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ አይቀርም፣ እትዬ። እኔ ካልሞትኩ በቀር።»

«አንተስ አትሞትም፤ ሹም ይሾማል እንጂ።»

እንዳሉትም ተሾመ። አዲሱ ፕሬዚዳንት የራሳቸውን መልእክት ሽፋኑ ላይ ስላዋሉት አራቱ ገጾች ተረፉ ሲባል፣ ጓንጉልን አስጠሩት።

«የአዘጋጁ መልእክት የታለ?»

«ክቡርነትዎ፣ እኔ የምለው የለኝም። ቦታውም የልቦለዱ ነው።»

«የጥበቃ ኃላፊው እንኳ መልእክት ባለው መጽሔት አዘጋጁ ዝም ቢል፣ ሰው አኩርፏል አይልም?»

«ልቦለድ የሌለው የልቦለድ መጽሔትስ ምን ይባላል?»

«ለዚህ ነዋ መልእክትህ የሚያስፈልገው! አስረዳቸው። እስከ ዓርብ ካላስረዳህ ሌላ የሚያስረዳ አናጣም።»

ጓንጉል ሦስት ቀን አሰበ። ሥራውን ቢለቅ ተተኪው ለትርንጎ ግድ የለውም፤ ቢቆይ ግን በሚቀጥለው እትም ይክሳቸዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት አዘጋጆች ሁሉ እንዲሁ ማሰባቸውን ስላላወቀ፣ ሐሳቡ ብልሃት መሰለው። ግማሽ ገጽ ሊጽፍ ተቀመጠ፤ ሐዘኑ እውነተኛ ስለነበር ግን ረዘመበት። «በቦታ ጥበት ምክንያት ልቦለድ ማውጣት ባለመቻላችን የተሰማን ጥልቅ ሐዘን» የሚለው መልእክት ከነፎቶግራፉ ልክ አራት ገጽ ሞላ።

መጽሔቱ የዓመቱ ምርጥ የልቦለድ መጽሔት ተብሎ ተሸለመ። ወይዘሮ ትርንጎ በመጨረሻ የሥራ ቀናቸው አንድ ቅጂ ተቀብለው፣ ገጽ በገጽ አንብበው፣ ማኅተም መቱበትና ከልቦለዶቹ መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

«ፎቶህ አምሮብሃል» አሉት።

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ለሚቀጥለው እትም የጡረተኞችን መልእክት እርስዎ እንዲጽፉ ታዟል።»

ወይዘሮ ትርንጎ መነጽራቸውን አወለቁ። ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ከነፎቶው ነው?»