የሰፈሩን በር ስለመዝጋትና ተቃዋሚ ስለመመደብ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቦታ፦ ሰበታ፣ ከሰፈሩ በር ውጭ ያለው የእድር አዳራሽ
የተገኙ፦ ኦቦ ጎበና (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ብዙነሽ፣ አቶ ሞቲ፣ አቶ ቲቶ (አባላት)፣ ላሊሴ (ጸሐፊ)

ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስታችን በመገኘታችን ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። የወ/ሮ ብዙነሽ ተከራይና የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ማርቲ፣ ድምፅ የማይሰጥ ታዛቢ ሆና ተገኝታለች።

አጀንዳ 1፦ በሩን ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስለመዝጋት

ኦቦ ጎበና የታችኛው ሰፈር በሩን መዝጋት ስለጀመረ እኛም ከሰው ማነስ እንደሌለብን አስረዱ። አቶ ሞቲ ንግግሩ ሳያልቅ ደገፉ። ማርቲ ከሥራ የምትወጣው 1 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን፣ በሩ ከተዘጋ በወንዙ ዳር ዞራ እንደምትገባና እዚያ ጅብ እንዳለ ተናገረች። አስተያየቷ ገንቢ ስለሆነ ወደፊት እንደሚታይ ተገልጾ ተመሰገነች። ከረጅም ውይይት በኋላ በጭብጨባ ጸደቀ። ኦቦ ጎበና ለጥበቃው ለዋቆ ወዲያው ደውለው «ማንም ይሁን ማን እንዳትከፍት» አሉት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይከብዳል።

አጀንዳ 2፦ ተቃዋሚ ስለመመደብ

ወ/ሮ ብዙነሽ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ መወሰን ያልተወያየን እንደሚያስመስለን በማሳሰባቸው አንድ ተቃዋሚ እንዲመደብ ተወሰነ። ማርቲ እጇን አወጣች፤ ነገር ግን ከልቧ ስለምትቃወም ለሥራው እንደማትመጥን ተነገራት። አቶ ቲቶ ተመደቡ።

አቶ ቲቶ ምን ብለው እንደሚቃወሙ መመሪያ ጠየቁ። «የመጣልህን» ተባሉ። እሳቸውም ለታችኛው ሰፈር ሰብሳቢ ደውለው ለምን በራቸውን እንደዘጉ ጠየቁ። «እናንተ ልትዘጉ ነው ሲባል ሰምተን ነዋ!» የሚለው መልስ በስልኩ ስፒከር ተሰማ። አቶ ቲቶ ሥራው ስለጣማቸው «ታዲያ ልጅቷን ለጅብ የምንሰጣት ለማን ብለን ነው?» አሉ። አቶ ሞቲ ድሮም እንዲህ ያስቡ እንደነበር ገለጹ። አጀንዳ 1 በሙሉ ድምፅ ተሻረ።

በዚህ ምክንያት ተቃዋሚ በመጥፋቱ አቶ ቲቶ ራሳቸውን እንዲቃወሙ ታዘዙ። ታዛዥ ሰው ናቸውና ተቃወሙ፤ አሳመኑንም። በሩ እንዲዘጋ እንደገና በጭብጨባ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ስንወጣ 1 ሰዓት አልፎ ስለነበር በሩ ተዘግቷል። ኦቦ ጎበና እንዲከፈት አዘዙ። ዋቆ ከውስጥ ሆኖ፣ «ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ጎበና! ማንም ይሁን ማን ያሉኝ አንቱ አይደሉም እንዴ? የእርስዎን ትእዛዝማ አላፈርስም» አለ። ልመናም ስድብም ተሞከረ፤ አልከፈተም።

በማርቲ መሪነት በወንዙ ዳር መዞር ጀመርን። መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አቶ ሞቲ የማርቲን ሹራብ ከኋላ ይዘው ነበር። ኦቦ ጎበና፣ «ልጄ፣ ብቻሽን ልንሰድሽ የነበረው በዚህ ነው?» ብለው ጠየቁ። «አዎ፣ አባባ» አለች። እኔ ፈርቻለሁ፤ ከፍርሃቴ ግን ሐፍረቴ ይበልጣል።

ኦቦ ጎበና እዚያው ቆመው፣ ተቃዋሚ መመደቡን ጨምሮ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። ከወንዙ ማዶ ከመጣ የጅብ ድምፅ በስተቀር ተቃውሞ አልቀረበም። ስብሰባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሩጫ ተጠናቀቀ።