እትዬ ቢሆንስ እና ቀን የሌለው ምስጢር

በየሰፈሩ «ምንም አይሆንም!» ባይ ሞልቷል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ተልጦ ተንጠልጥሏል፤ ምንም አይሆንም። ልጁ የበረንዳው ብረት ላይ ወጥቷል፤ ምንም አይሆንም። ሰፈር ሁሉ በዚህ ቃል እንቅልፉን ይለጥጣል። ደግነቱ እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ሰው በየትም አይጠፋም። ለኛ ሕንጻ የደረሱን፣ ከደረጃው አጠገብ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ናቸው። «ምንም አይሆንም» ባሏቸው ቁጥር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ቢሆንስ?» ይላሉ። የእናት የአባት ስማቸውን ረስተነዋል፤ እትዬ ቢሆንስ ናቸው።

ክብርት እትዬ ቢሆንስ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ እሳቸው የሕንጻውን ልጆች በሙሉ ተረከቡ። የሾማቸው የለም፣ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ደረጃው ላይ ደርድረው ያስተምራሉ። የተቀጣጠለ ዘይት ይከደናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም። መንገድ የሚሻገሩት የሾፌሩን ዓይን አይተው ነው። የማታውቁት ሰው እጃችሁን ከያዘ «እባክዎ ይልቀቁኝ» ብሎ ነገር የለም፤ ይጮኻል! ጩኸቱንም ያለማምዷቸዋል። አንድ ቅዳሜ ያ ሁሉ ልጅ ባንድ ድምፅ «አላውቀውም!» ብሎ ሲያስተጋባ፣ ቆጣሪ ሊያነብ በሩን የከፈተው ምስኪን ሰውዬ ቦርሳውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጎረምሳና ኮረዳም አያመልጧቸውም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ ሥራ አገኘሁ ብላ አጊጣ ስትወርድ በሩ ላይ ጠበቋት።

«ቀጣሪሽ ቢሮው የት ነው?»

«እኔንጃ፣ ታክሲ ተራው ጋ ስትደርሺ ደውዪ ነው ያለኝ።»

«ለማን ተናግረሽ ነው የምትሄጂው?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አይሆንም!»

«ቢሆንስ?» አሉና የቤት ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ተከተሏት። ሰውዬው እውነተኛ ቀጣሪ ሆኖ ተገኘ። «እናትሽ ናቸው?» ቢላት፣ «አይ፣ የሕንጻችን ናቸው» አለችው አሉ። እሳቸው ግን አላፈሩም፤ ቢሮው ድረስ ገብተው መታጠቢያ ቤቱ ከውስጥ እንደሚቆለፍ አረጋግጠው ነው የተመለሱት።

እኔና እሳቸው የተጋጨነው በምስጢር ምክንያት ነው። እሑድ ለሚውለው የሚስቴ ልደት ጫማ ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ስደብቅ ትንሿ ልጄ አየችኝ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው» አልኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ፣ «እማዬ! አባዬ ምስጢር ያዢ አለኝ!» እያለች በረረች። ደሜ ፈልቶ ደረጃውን ወረድኩ።

«እትዬ፣ ልጄን እኮ ወሬኛ አደረጓት!»

«ምን ብለሃት ነው?»

«ስለ እሑዱ የልደት ስጦታ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ነዋ!»

«እስከ መቼ?»

«እንዴት እስከ መቼ?»

«ስጦታ ከሆነ እስከ እሑድ ይባላል። ቀን የሌለው ምስጢር ለልጅ አይሰጥም። አባትም ይሁን፣ አጎትም ይሁን፣ አስተማሪም ይሁን። ሮጠሽ ተናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ደግ አደረገች!»

እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። «እኚህ ሴትዮ ልጅ አባቱን እንዳያምን እያደረጉ ነው» ብዬ ለሚስቴ ስሞታ አቀረብኩ። እሷ አዲሱን ጫማ ተጫምታ መስታወት ፊት ነበረች፤ አልሰማችኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ለልጄ ሒሳብ የሚያስጠና ወጣት የቀጠርነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል፣ ድምፁ የማይሰማ ጨዋ፤ እኔው ራሴ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠኝ» ያልኩለት። አንድ ከሰዓት ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ልጄ ከሳሎን መጥታ ሸሚዜን ጎተተችኝ።

«አባዬ፣ ፎቶ ላንሳሽ፣ ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪ አለኝ። እስከ መቼ ስለው ሳቀብኝ። መቼም እንዳትናገሪ አለኝ።» ከዚያ ፊቴን አየችኝና፣ «ተቆጣህ?» አለች።

«ልጁ እኮ ጨዋ ነው፤ ተሳስተሽ ይሆናል» የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደምንም ዋጥኩት። ቢላዋውን አስቀምጬ ተንበረከክሁ። «አምኜሻለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እንኳን ነገርሽኝ» አልኳት። እናቷን ጠራኋትና አቅፋ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት፤ እኔ ወደ ሳሎን ሄድኩ። ፎቶውን አላነሳትም፤ ጊዜ አልሰጠችውም። ከዚያች ቀን ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም፤ ነገሩን ፖሊስ ይዞታል።

በማግስቱ የምስጋና ንግግር አዘጋጅቼ እትዬ ቢሆንስ ዘንድ ወረድኩ። የሆነውን ስነግራቸው ንግግሬን እንኳ አላስጀመሩኝም።

«ስትነግርህ ምን አልካት?»

ያልኳትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እትዬ ቢሆንስ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«እኔ ልጆቹን ተናገሩ እላለሁ» አሉ። «ድንገተኛ ክፍል የመጡልኝ ልጆች ግን ያልተናገሩ መሰሉህ? ‹ተናግሬ ነበር› ነው የሚሉኝ። ለእናቴ ተናግሬ ነበር። ለአባቴ ተናግሬ ነበር። አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሰው አታዋርጂ አሉኝ... ይሄን ስሰማ ነው የኖርኩት ልጄ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኚህን አስቸጋሪ ሴትዮ እንደ እናቴ እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እጃቸውን ያዝኳቸው፤ እሳቸውም አልከለከሉኝም።

«ቅዳሜ አንተም ና» አሉኝ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ወላጆቹን ሁሉ ሰብስበህ ና። አንተ ታስተምራቸዋለህ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምረው፣ እትዬ?»

«ለልጅህ ያልካትን ንገራቸው።»