ጓንጉል የተረጎመው የሩሲያ ሠርግ

(ድግድግድግ ይል ነበር የከማሉ ቪዲዮ ቤት ጄኔሬተር። በዚያ ዘመን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ የኖረ ሰው ያንን ድምፅ፣ አብሮት የሚመጣውንም የናፍታና የሰሊጥ ሽታ አይረሳውም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። ጓንጉል፣ «በደርግ ጊዜ ሞስኮ ተምሬአለሁ» ባዩ፣ በላይነሽን ለትዳር ጠይቋል። አባቷ በሕይወት የሉም፤ ሰጪውም ከልካዩም ወንድሟ ስንሻው ነው፤ የሰሊጥ አጫጅ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው። ጓንጉል ትምህርቱን ሊያሳየው ከከማሉ አሮጌ ካሴቶች የሩሲያ ባሌት መረጠ። ባሌት ቃል የማይወጣበት ጭፈራ መሆኑን ያወቀው ግን ካሴቱ መዞር ከጀመረ በኋላ ነው።)

ስንሻው፦ ድምፁ ጠፍቷል እያልሁህ!

ጓንጉል፦ አልጠፋም! ሙዚቃው ይሰማህ የለም እንዴ?

ስንሻው፦ ሙዚቃውማ ይሰማል። ሰዎቹ ናቸው የማይናገሩት። ተኳርፈው ነው?

ጓንጉል፦ ይናገራሉ እንጂ! ሩሲያ ጨዋ ሰው አይጮህም። እኔ ከንፈራቸውን እያየሁ እተረጉምልሃለሁ።

ስንሻው፦ ይህችስ ነጭ ላባ የለበሰችው ለምን በጣቷ ትሄዳለች? ሰሊጥ የታጨደበት መሬት እግሯን ወግቷት ነው?

ጓንጉል፦ ጨዋነት ነው! የሩሲያ ልጃገረድ ታላቅ ወንድሟ ባለበት ተረከዟን አታሳርፍም።

ስንሻው፦ (በአድናቆት) የኛዋ በላይነሽ እኮ ስትረግጥ ቤቱ ይናወጣል።

ጓንጉል፦ አስለምዳታለሁ።

ስንሻው፦ ገና አልሰጠሁህም!

(በቴሌቪዥኑ ላይ የባሌቱ ልዑል እግሩ ላይ የተጣበቀ ነጭ ነገር ለብሶ ዘሎ ገባ።)

ስንሻው፦ ኧረ ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ሱሪውን ረስቶ መጣ!

ጓንጉል፦ ሱሪ ነው እሱ፤ የተማረ ሰው ሱሪ። ሰውዬው ልክ እንደኔ ሞስኮ የተማረ ነው። «ወንድም ዓለም፣ እህትህን ስጠኝ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን እይዛታለሁ» እያለ ነው።

ስንሻው፦ ራሱ? ሽማግሌ ሳይልክ?

ጓንጉል፦ (ላብ አጠመቀው) እ... እነዚያ በተርታ የቆሙት ናቸው ሽማግሌዎቹ።

ስንሻው፦ ሴቶች እኮ ናቸው! ያውም ላባ የለበሱ!

ጓንጉል፦ ሩሲያ እኩልነት ነው፤ ሴትም ሽማግሌ ትሆናለች።

ስንሻው፦ ወንድሟስ የቱ ነው?

ጓንጉል፦ ያ ጥቁሩ፣ ክንፍ ያለው። «ውሰዳት፣ የተማረ ሰው ዘሩ አይጣራም» አለ። ብልህ ወንድም!

ስንሻው፦ (እንባውን በፎጣው እየጠረገ) እንዲህም ያለ ወንድም አለ! እኔ ድንጋዩ፣ ያንተን ዘር ላጣራ እስከ መተማ ሰው ልኬ!

ጓንጉል፦ እንግዲያማ እሺ በለኛ!

ስንሻው፦ አፌ ላይ ደርሷል። ሠርጉን ልይና።

(በልዑሉ ቤተ መንግሥት ድግስ መካከል ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች። ልዑሉ እጇን ይዞ ሊያገባት ማለ። ነጭ የለበሰችው በመስኮት በኩል ትርገበገባለች።)

ስንሻው፦ ይቺ ደግሞ ማናት?

ጓንጉል፦ ያችው ናት፤ ልብስ ቀይራ።

ስንሻው፦ ያችማ ውጭ ቆማ እያለቀሰች!

ጓንጉል፦ (ምነው ካሴቱን ቀድሞ ባየው ኖሮ!) ያቺ... መንትያዋ ናት።

ስንሻው፦ ኧረ ወዲያ! የተማረው ሰውዬ የጠየቃትን ልጅ መልኳን አያውቅም?

ጓንጉል፦ ቆየኝ አንተየ፣ መጨረሻው ነው የሚያምረው!

(ትዕይንቱ ወደ ሐይቅ ዳር ተቀየረ፤ ሐይቁም ተናወጠ። ልዑሉና ነጭ ለባሿ ተያይዘው ሰጠሙ።)

ስንሻው፦ ሞቱ።

ጓንጉል፦ እየዋኙ ነው።

ስንሻው፦ ሞቱ እንጂ! ወንድም ሳያጣራ ለተማረ ሰጠና ይኸው ውኃ በላት! አንተው ነህ የነገርኸኝ። በላይነሽ ደግሞ ዋና አትችልም። (ተነሣ)

(በቴሌቪዥኑ ላይ የመድረኩ መጋረጃ ተዘግቶ ተከፈተ። የሰጠሙት ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ብቅ አሉ፤ ባለ ክንፉም ተከተለ። ሁሉም ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሡ።)

ጓንጉል፦ ስንሻው! አልሞቱም! ተነሥተዋል! እያቸው፣ ላንተ እኮ ነው የሚሰግዱት!

ስንሻው፦ ይኼስ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ሲዋሹኝ ውለው ይቅርታ እየጠየቁኝ ነው። እነሱስ ጨዋ ናቸው፤ አንተ ነህ እስካሁን ቀጥ ብለህ የቆምኸው።

(ጓንጉል ወገቡን ማጠፍ ሲጀምር፣ ስንሻው ደህና ዋል እንኳ ሳይል ወጣ።)