የአክስቴ ጣሪያ ፎቶ ሊነሳ ነው

የከሚሴ ሰው ደህና ያልሆነበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ እስካሁን አላጋጠመኝም። እግሩን በጄሶ አስጠቅልሎ በባጃጅ የሚያልፈውን ሰው «አካም ጅርቱ?» ብላችሁ ደህንነቱን ጠይቁት፤ «ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላችኋል። ሰንበቴ ገበያ በሬ ሊሸጥ ወርዶ፣ በሬው በግርግር ጠፍቶበት ገመዱን ብቻ ይዞ የተመለሰ ጎረቤት ነበረኝ። ደህና ነው ወይ አልኩት። ደህና ነበር። ገመዱን እንዳንጠለጠለ ነው ደህና የነበረው።

ምስጋናውን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ፤ ከእሱ የተሻለ ሀብት ያለንም አይመስለኝ። ችግሩ ከምስጋናው ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ማንም ያላስተማረን መሆኑ ነው። «አልሐምዱሊላህ፤ ግን እግሬ ተሰብሯል» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምስጋናው ከፈጣሪ ጋር ያለን ጉዳይ ነው፤ ቆርቆሮ ግን የሚያድለው ቀበሌ ነው። ቀበሌ ደግሞ ደህና ለሆነ ሰው ቆርቆሮ ሲሰጥ አላየሁም።

አሁን ወደ አክስቴ ወደ እትዬ ዘሀራ ልውሰዳችሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጨፋ ሜዳ በኩል በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ተነሳና ሰፈራችንን አራግፎ ሄደ። ደግነቱ ሰው አልነካም፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮውን ነው የመረጠው። የአክስቴን ቤት የመንገድ ዳር ጣሪያ እንዳለ አንስቶ የጎረቤቷ የይማም ማሽላ ውስጥ አስተኛው። የግድግዳው ምርጊት ረግፎ እንጨቱ እንደ ጎድን አጥንት ተቆጠረ። አሸንዳው በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን ያንኳኳል። የእኔም የማድቤት ክዳን ሄዷል፤ የእኔን ግን ተዉት፣ ዋናው የአክስቴ ነው።

ዋና ያደረገው ምን መሰላችሁ? እሁድ የልጇ የመሪማ ኒካህ ነው። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከሰንበቴ ይመጣሉ። ጎረቤት ሁሉ «እኛ ቤት ይሁን» ብሎ ለመናት፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች። ቤቱን የሠራው ነፍሱን ይማረውና ባሏ ነው፣ በገዛ እጁ። «አባቷ ሚስማር ከመታበት ጣሪያ ሥር ነው የምትወጣው» አለችኝ። የፈለገው ይምጣ፣ ያ ጣሪያ ከእሁድ በፊት መመለስ አለበት አልኩ።

የቀበሌው መመሪያ ቀላል ነበር። የተጎዳው ቤት ከውጭ በኩል ፎቶ ይነሳል፤ ቀጥሎ ባለሙያ መጥቶ በዓይኑ ያያል፤ ጉዳቱ ከተረጋገጠ ቆርቆሮና ሚስማር ይሰጣል። ባለሙያው እስኪያይ ድረስ ማንም ምንም እንዳይነካ። ፎቶ አንሺ ደግሞ እኔ አለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይመቻል?

አልተመቸም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የማይስቀውን አስቄ፣ የተጣመመውን አቃንቼ ነው ያነሳሁት፤ አስቀያሚ ነገር አስቀያሚ ሆኖ እንዲወጣ ተጨንቄ አላውቅም። ካሜራዬን ወደተገሸለጠው ግድግዳ ሳዞር አክስቴ «ቆየኝ» ብላ ገባች። ስትወጣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። ሄዳ ቀዳዳው ፊት ለፊት ቆመች። «እትዬ፣ ግድግዳውን ነው የማነሳው» ብላት «ታዲያ ግድግዳው ብቻውን ምን ሊሆን ነው?» ብላ ሻሿን አስተካከለች። በተሰበረው አሸንዳ በኩል ስሄድ ይማም ከነልጆቹ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ሰው ፎቶ ሲነሳ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ሰፈራችን ያሳደገን እንዲህ ነው። ማታ ፎቶዎቹን ሳያቸው፣ ወላሂ፣ እንዲህ ያማሩ ሰዎች አንስቼ አላውቅም። ጉዳት የሚባል ነገር ግን አንድም ቦታ የለም።

ግድ የለም፣ ባለሙያው በዓይኑ ያያል ብዬ ተጽናናሁ። ለአክስቴም «ነገ ጉዳቱን የሚያይ ሰው ይመጣል» አልኳት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ለእኔ የሚመጣው መርማሪ ነው፤ ለእሷ ግን ከቤቷ የሚገባ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በፈረሰ ቤት አይቀበሉትም።

በማግስቱ ባለሙያውን ይዤ ስመጣ ቤቱን አልፌው ሄድኩ። አክስቴ ከበር ሆና ጠርታኝ ነው የተመለስኩት። ጎረቤቱ ከንጋት ጀምሮ በደቦ ወጥቶ ነበር። ይማም ቆርቆሮዎቹን ከማሽላው ለቅሞ፣ ጣሪያው ላይ ጥሎ፣ በሚስማር ፋንታ ድንጋይ ጭኖባቸዋል። ሴቶቹ ግድግዳውን በጭቃ መርገው ኖራ ቀብተውታል። ጭቃ ያልያዘው ትልቁ ቀዳዳ ላይ፣ ፀሐይ እንዲመታው የተሰጣ አስመስለው፣ ቀይ ስጋጃ ሰቅለውበታል። አሸንዳው እንኳ በነጠላ ጥለት ታስሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ባለሙያው ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረው። ቆመና እንደገና ዞረው። «ማሻአላህ፣ ደህና ቤት ነው» አለ። ጉዳቱን እንድታሳየው አክስቴን በትሕትና ጠየቃት።

«የምን ጉዳት ልጄ? አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንን። ይልቅ ግባ፣ ፀሐይ አይምታህ።»

በዓይኔ ጠቀስኳት። በክርኔ ነካ አደረግኳት። ወደ ስጋጃው ስጠቁም፣ ከሰው ፊት ልብሷን የገለጥኩባት ይመስል ገላመጠችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ግን በሽታውን ኖራ ቀብታዋለች። በጨነቀኝ ጊዜ ፎቶዎቹን በካሜራዬ አሳየሁት። ባለሙያው አንድ በአንድ አየና ወደ አክስቴ ቀና ብሎ፣ በጣም በቀስታ «ጉዳቱ እሳቸው ናቸው?» አለኝ።

«ጉዳቱ ከኋላቸው ነው» አልኩት።

ሥራው አለቀና ሊሄድ ሲል አክስቴ «የት ልትሄድ?» ብላ ያዘችው። ሳይቀምስ ከዚህ ቤት የወጣ ሰው የለም። ተቀመጠ፤ እርጎ ተቀዳለት። እኔ በሩ ሥር ሆኜ፣ የመሪማ ኒካህ በሰው ቤት ሲሆን ይታየኛል። መሪማ ማድቤት በር ላይ ቆማ፣ እናቷን ላለማሳፈር ከንፈሯን ነክሳለች። ልጅቷን ሳያት አዘንኩ።

ያኔ ነው ሰማዩ በእኛ ፋንታ መናገር የጀመረው።

መጀመሪያ አንዲት ጠብታ፣ ጠብ፣ እርጎው ውስጥ። ባለሙያው ኩባያውን አየ፤ እኛም ሌላ ሌላውን አየን። ቀጥሎ አንገቱ ሥር። አክስቴ ምንም እንዳልተፈጠረ «ወደዚህ ጠጋ በል» ብላ ወንበሩን አስጠጋችለት። እዚያም መጣ። እንደገና ጠጋ አለ። ጠጋ ጠጋ ሲል ሁላችንም አንድ ጥግ ላይ እንደ ጤፍ ጆንያ ተደራርበን ቆምን።

«እትዬ፣ ይፈሳል እንዴ?» አለ ባለሙያው።

«ኧረ አይፈስም፤ ዝናቡ ነው እንጂ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ነፋሱ መጣ። የይማም ድንጋዮች ተንከባለሉ፤ ቆርቆሮው ተነሳና ሰማዩ ወለል ብሎ ታየ። ስጋጃው ወደቀ፤ ኖራው ወተት መስሎ በግቢው ወረደ፤ የጥለቱ ቋጠሮ ተፈታና አሸንዳው የለመደውን ማንኳኳት ጀመረ። ባለሙያው እየሳቀ፣ እስኪያስለው እየሳቀ፣ ስልኩን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ከውጭ ሆኖ ግድግዳውን አነሳ፣ ጣሪያውን አነሳ። አክስቴ ሳፋ ይዛ ከተገለጠው ጣሪያ ሥር ውሃ ስትቀበል በግድግዳው ቀዳዳ ትታይ ነበር። ስልኩን ስታይ ሻሿን አስተካክላ ፈገግ አለች። ከቀበሌው መዝገብ ጋር የተያያዘው ፎቶ ይኸው ነው፤ ቤት የፈረሰባት ሴት እንዲህ ደስ ብሏት ፎቶ ተነስታ አታውቅም።

ቆርቆሮው ከጁምዓ በኋላ መጣ። ይማም ወጥቶ መታው፣ በዚህ ጊዜ ግን በሚስማር። እሁድ ሽማግሌዎቹ ገብተው ኒካሁ ሲታሰር ዝናቡ አዲሱን ጣሪያ ይደበድብ ነበር፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባችም። አክስቴ ቀና ብላ ጣሪያውን ብዙ አየችው። ባሏን እያሰበች እንደነበር ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ባለሙያው ያን ቀን፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሶ ሲሰናበተኝ፣ በመልካም ልቡ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። እስክሪብቶው በእጁ ነው።

«ያንተስ ቤት ሰይዶ? ምንም አልሆነም?»

አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት።

ባለቤቴ ሰዓዳ ዛሬም ወጥ የምትሠራው በአንድ እጇ ዣንጥላ ይዛ ነው። ጎረቤት ገብቶ እንዴት ነሽ ሲላት አልሐምዱሊላህ ትላለች። ስትል ግን እኔን እያየች ነው።